አደባባይ መሃል የኖረ ሰው

ከልጅነቱ ጀምሮ መሃል መሆን ይወድ ነበር ብሎ ማማት ይቻላል፤ እውነቱ ግን መሃሉን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ነበር። አራት መንገድ በሚገናኝበት ሰፊ አደባባይ፣ መሃል ለመሃል በተሠራች ክብ የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ቆሞ ጎልማሳነቱን ጨረሰ። በጥቁር ጸጉር ወጥቶባት በሽበት ወረደ። ሾፌሮቹ «እምብርቱ» ይሉት ነበር። ስሙ ሲወጣለት ለስድብ ይሁን ለምስጋና ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ነው የተቀበለው። ሌላው ሰው ትከሻው ላይ ኮከብ ሲለጠፍለት ደስ እንደሚለው፣ እሱ ከሚኒባስ መስኮት «እምብርቱ፣ እንዴት አደርክ!» ሲባል ደረቱ ነፋ ይል ነበር።

ሥራውን ያስተማረው አንድ ሸምገል ያለ አለቃ ነው። «ፊት አትይ፣ ጎማ እይ» ብሎታል ገና በመጀመሪያው ቀን። «ፊት ያየ ትራፊክ ያዝናል። አንዱ በሽተኛ ይዣለሁ ይልሃል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ደግሞ የአክስትህ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ለአንዱ ስታዝን ሦስቱ መንገድ ይዘጋል። ጎማ ግን ዘመድ የለውም።» ምክሩን እንደ ጸሎት ያዘው። በጎማ አዟዟር ብቻ ማን ሾልኮ ሊያመልጥ እንዳሰበ፣ ማን እንደሚያመነታ፣ ማን ትናንት መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ ያውቃል። የከተማውን መኪና ሁሉ በፊት ጎማው ይለየዋል። የሾፌሩን መልክ ከጠየቃችሁት ግን ወፍ የለም።

ከዚህ ሥራ የተነሣ አንድ እምነት ሥር ሰደደበት። ነገር ሁሉ መሃል አለው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ሰው መቆም አለበት፤ ሰው ካልቆመበት ይጋጫል። ቤት መሃል አለው፣ ከተማ መሃል አለው፣ ዓለምም ያለ መሃል አልተፈጠረችም። የዓለም መሃል የት እንደሆነ በትክክል አልደረሰበትም፤ ከአደባባዩ በጣም ይርቃል ብሎ ግን አያምንም ነበር።

ከዚያ መብራት መጣ። አራት ምሰሶ ተተከለ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ በየተራ መብራት ጀመረ፣ ጡረታውም ከመብራቱ ጋር ገጠመ። መሥሪያ ቤቱ በሻይና በኬክ ሸኘው፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጠው። አዲሱ ኃላፊ «አንተ ስትሄድ አደባባዩ ባዶ ይሆናል» ብሎ ንግግር አደረገ። እምብርቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ሄዶ ሲያይ አደባባዩ ከመቼውም ይልቅ ሞልቷል፤ መኪናው በሥርዓት ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። በጣም ቅር አለው። ለወጉ ያህል አንድ ሁለት ሰው እንኳ መብራት ጥሶ ቢላተም ምን ነበረበት?

ስለዚህ ቤት መዋል ጀመረ፤ ጣጣውም ከዚህ ጀመረ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የቤቱ የፊት ክፍል የሥራ ቦታዋ ነው። መስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና አለች፤ ከጎኗ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ግድግዳው ላይ ከካርቶን የተቆረጡ የልብስ ልኮች በምስማር ተሰቅለዋል፤ ወለሉ ብጥስጣሽ ጨርቅና ክር ነው። ለትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ለማያውቅ ሰው ክፍሉ ትርምስምስ ይመስላል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና እጇን ብትዘረጋ የፈለገችው ላይ ያርፋል።

እሱ ያንን ክፍል ሲያይ የታየው የተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ነው። ቤት መዋል በጀመረ በሳምንቱ ደንበኞች በፊት በር ገብተው በኩሽና በኩል እንዲወጡ ወሰነ። አንዲት እናት ልጇን አስለክታ ስትወጣ መዳፉን አንሥቶ አስቆማትና አቅጣጫ አሳያት፤ ምስኪኗ ጓሮ ወጥታ የታጠበ አንሶላ መሃል ገብታ መውጫው ጠፋት። ሚስቱ ሄዳ በእጇ ይዛ አወጣቻት። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አለችው ስትመለስ። ይሄንንም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ቀን ክር ልትገዛ ስትወጣ ግን ሰተት ብሎ ገባና ክፍሉን «አስተካከለላት»። ተቆርጠው የተከመሩትን ጨርቆች ዓይነት በዓይነት አደረጋቸው፤ እጅጌን ከእጅጌ፣ ኮሌታን ከኮሌታ፣ ኪስን ከኪስ። ሲያዩት ያምር ነበር። ችግሩ፣ እሷ የምትከምረው በዓይነት አልነበረም፤ በልጅ ነበር። ይሄኛው ክምር ያ ቀጭኑ ረጅም ልጅ ነው፣ ያኛው የጎረቤታቸው መንታ ነው፣ ያ ዳር ያለው ደግሞ ትከሻዋ አንድ ወገን ዘመም የሚልባት ልጅ ናት። ስትመለስ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «ልጆቹን ምን አደረግሃቸው?» አለች። ያን ሰሞን ከዚያ ቤት የወጣ አንድ ኮት ሁለቱም እጅጌው የግራ ነበር፤ የለበሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ አንድ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ዋለ ተብሎ ሰፈሩ ስቆ አላባራም።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። መቀሷን አስቀምጣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲሉ እሰማ ነበር» አለችው። «አንተ ግን የራስህን ቆብ ትተህ የእኔን ነው የምትቀደው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል እንዳትገባብኝ።»

«የት ልቀመጥ ታዲያ?»

«ቤቱ ሰፊ ነው።»

ቤቱ ሰፊ አልነበረም። ያ ክፍል፣ ኩሽናው፣ መኝታ ቤቱ፣ እነሱን የሚያገናኝ ጠባብ ኮሪደር፤ አለቀ። ኩሽናው ውስጥ ሲቀመጥ ወደ ምድጃው መሄጃውን ይዘጋል። መኝታ ቤት በቀን መቀመጥ የታመመ ያስመስለዋል። ስለዚህ አንድ ወንበር ወሰደና ኮሪደሩ ላይ፣ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከውስጥ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማዋል፣ የሴቶች ወሬ ይሰማዋል፣ ሳቅ ይሰማዋል። ምን እንዳሳቃቸው አያውቅም። ሰው ቢጠይቀው «ደህና ነኝ፣ እያረፍኩ ነው» ይላል፤ ሆዱ ግን ፈርቷል። ያን ያህል ዘመን መሬት ሲረግጥ ኖሮ አሁን በገዛ ቤቱ የሚረግጥበት ቦታ አጣ። ቀሪ ዕድሜዬ እዚህ ኮሪደር ላይ ሊያልቅ ነው ወይ? ይሄ ነበር ጭንቀቱ፤ ሌላ ጭንቀት አልነበረውም።

ልጃቸው አንድ ናት። ከተማው ወዲያ ጫፍ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። በዚያ እሑድ ስትገባ አባቷን እጁን አጣጥፎ በሩን ሲያይ አገኘችው።

«አባዬ፣ ምነው ኮሪደር ላይ?»

«ተሰድጄ።»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገራት፤ የእጅጌዎቹን ጉዳይ ትንሽ አሳጥሮ። «ያ ክፍል የዚህ ቤት መሃል ነው» አላት በመጨረሻ። «መሃሉን እናትሽ ያዘችው፣ እኔ ዳር ቀረሁ። ነገር ሁሉ አንድ መሃል ነው ያለው፤ ለሁለት ሰው አይበቃም።»

«ነገር ሁሉ መሃል አለው ያለው ማነው?»

«የሌለው ነገር ካለ እስቲ አንድ ጥሪልኝ!»

«ዩኒቨርስ» አለችው ቦርሳዋን እያስቀመጠች። «ምድሩም ሰማዩም ከዋክብቱም፣ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ። መሃል የለውም።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ጊዜ በጡረታ ያሰናበተው መሰለው። «ፀሐይስ?» አላት። «ሁሉም በእሷ ዙሪያ ይዞራል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«የሚዞሯት ምድርና ዘመዶቿ ናቸው። ፀሐይ ራሷ ደግሞ ከቢሊዮን ከዋክብት ጋር አንድ ጋላክሲ ውስጥ ትዞራለች፤ እዚያም መሃሉ ላይ አይደለችም። እንደዚያ ያለ ጋላክሲ ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ሩቅ ለሩቅ ያሉት ሁሉ እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ነው።»

«ከማን ነው የሚርቁት?»

«አንዱ ከሌላው።»

«አይሆንም!» ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። «መራቅ ከአንድ ቦታ ነው። እኔን ጠይቂኝ እንጂ! መኪናው በአራቱም አቅጣጫ ከእኔ ሲርቅ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁ ሰው ነኝ። ሁሉም ከእሱ ሲርቅ የሚያየው መሃል የቆመው ብቻ ነው።»

«ከየትም ሆነህ ብታይ እንደዚያ ነው የሚታይህ፣ አባዬ።»

ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ የተዘጋው በር ተከፈተና ሚስቱ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ምንድነው የሚያጨቃጭቃችሁ?»

«ዩኒቨርስ መሃል የለውም ብላኝ ነው!»

«አንተን ታዲያ ምን አገባህ?»

«እንዴት አያገባኝም!»

ልጅቱ ሳቋን እየታገለች እናቷን ላስቲክና ስፒል ጠየቀቻት፤ አባቷንም እንድታስገባላት ለመነቻት። እናት ጥቂት አሰበች። «ይግባ፤ እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ይክተት» አለች። ላስቲኩን የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልግ ሲነገራት፣ «እንግዲያው አንዱን እጁን ብቻ» ብላ ፈቀደች። ቀሚስ ወገብ ላይ የሚገባ ነጭ ሰፋ ያለ ላስቲክ ነበር። ልጅቱ ስፒሎች እኩል አራርቃ ሰካችበት፤ አንዱን ጫፍ ለአባቷ፣ ሌላውን ለእናቷ አስያዘች።

«አባዬ፣ አንተ እዚችኛዋ ስፒል ላይ ተቀምጠሃል እንበል። በሉ ሳቡት።»

ሳቡት። ስፒሎቹ ተራራቁ፤ ቅርብ የነበሩት በጥቂቱ፣ ሩቅ የነበሩት በብዙ።

«ማን ሄደ?»

«ሁሉም ከእኔ ሄዱ» አለ እምብርቱ፤ ፊቱ በራ። «ይኸው! መሃሉ እኔ ነኝ!»

«አሁን ደግሞ እማዬ በዚህኛዋ ላይ ትሁን። ሳቡ።»

ሚስቱ መነጽሯን አስተካክላ አየች። «ከእኔም ሁሉም ሄዱ» አለች። «አንተም ጭምር ሄድክ።»

«እኔ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም!»

«እኔስ መች ተንቀሳቀስኩ?»

እሱ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ላስቲኩ ጫፍና ጫፍ ስላለው በሜትር ተለክቶ መሃሉ ሊገኝ ይችላል አለ። ሚስቱ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይዛ፣ ቀሚስ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይገጠማል፣ ጫፍ ብሎ ነገር የለውም አለችው። ታዲያ መሃሉ ክፍት ቦታው ላይ፣ ሆድ ያለበት ነዋ አለ። ልጅቱ፣ ያ ላስቲኩ ላይ እንዳልሆነ፣ ላስቲኩን ተከትላ የምትሄድ ጉንዳን ዕድሜዋን ሙሉ ብትዞር እንደማትደርስበት ነገረችው።

«ደግሞ ምሳሌ ነው እንጂ፣ ዩኒቨርስ የቀሚስ ወገብ ነው አላልኩህም» አለችው። «እስከ ዛሬ የመረመሩት ሰዎች ግን መሃሉ ይሄ ነው የሚሉት ቦታ አላገኙለትም። ከየትም ቢታይ ያው ነው።»

«ሁሉም መሃል ነው ማለት ነው?»

«ወይም ማንም አይደለም ማለት ነው።»

«አልሸሹም ዞር አሉ!» አለና ተናድዶ ላስቲኩን ስቦ ለቀቀው። ላስቲኩ ተስፈንጥሮ የሚስቱን ጣቶች ገረፈ፤ ስፒሉ ወለሉን ሞላው።

«ውጣ!» አለች ሚስቱ። ወጣ፤ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ። እንቅልፍም ነሣው፤ መሃል ከሌለ ማን ያስተናብራል? ይሄንን ጥያቄ ይዞ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ዳቦ ቤቱ ከቤታቸው ሁለተኛው በር ላይ ነው፤ እሱ ግን ከጡረታ ወዲህ ዳቦ የሚገዛው በአደባባዩ በኩል ዞሮ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ዳቦውን ብብቱ ሥር ይዞ ሲደርስ መብራቱ ጠፍቶ አገኘው። አራቱም ምሰሶ ጨልሟል። አራቱም መንገድ ተራው የእኔ ነው ብሎ ገብቷል፤ መኪና በመኪና ተቆላልፎ ጠጠር መጣያ የለም፤ ጥሩምባው ጆሮ ይበሳል። እምብርቱ ግራ ቀኝ አየ፤ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው የለም። ደሙ ሞቀ። በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከ ሄዶ የሲሚንቶዋ መቆሚያ ላይ ወጣ፣ ዳቦውን እግሩ ሥር አኖረ፣ ቀኝ እጁን አነሣ።

«እምብርቱ!» አለ አንድ ሾፌር። «ኧረ እምብርቱ መጣ!» አለ ሌላው።

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጎማ ጎማውን እያየ ይሄን ወደ ኋላ፣ ያንን ወደ ጎን፣ ያኛውን ቀስ እያደረገ ቋጠሮውን ይፈታው ጀመር። አንድ ትልቅ አውቶቡስ በስተግራው አስቁሞ ሌሎቹን ሲያሳልፍ፣ ከአውቶቡሱ በኩል እግር ሲመጣ በዓይኑ ጫፍ አየ። ቀና ሳይል መዳፉን ዘረጋ።

«እግረኛ ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!»

እግሩ ወደ ኋላ አላለም። «ማንን ነው ወደ ኋላ የምትለው?» አለ የሚያውቀው ድምፅ።

ሚስቱ ናት። በአንሶላ የታሰረ የዩኒፎርም ጥቅል ተሸክማለች፤ አውቶቡሱ አልንቀሳቀስ ሲላት ወርዳ በእግሯ ልትሻገር ነው።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔ? ሁልጊዜስ በዚህ አይደል የማልፈው። ትምህርት ቤቱ ከወዲያ ነው።»

«በዚህ? መቼ?»

«በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም። ልጃችን በእግሯ ሳትሄድ ጀምሮ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እጁ አየር ላይ ስለቀረ አራቱም መንገድ ቆመ። «አንድም ቀን አላየሁሽም» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው። ቂም አልነበረባትም፤ ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው ያለችው። «መጀመሪያ መጀመሪያ እጄን አውለበልብልህ ነበር። ኋላ ተውኩት።»

«ጎማ ነበር የማየው» አለ። ምክንያቱ ከአፉ ሲወጣ እንኳን ለእሷ ለራሱም አልጣመውም። አፈረ፤ ያን ያህል አፍሮ አያውቅም።

እሷ ግን እቃውን አውርዳ መቆሚያዋ ላይ ከጎኑ ወጣች። ቦታዋ ለሁለት ሰው ጠባብ ስለነበረች ክንዱን ያዘች። ዙሪያውን ቀስ ብላ ተመለከተች። «ከዚህ ሲታይ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ተገርማ። «ሁሉም ወደ አንተ ይመጣል፣ ሁሉም ከአንተ ይሄዳል። ለካ አንተም ወደህ አይደለም!»

ያኔ እሱም ቀና ብሎ አየ። አንዲት ሴት የተኛ ሕፃን አቅፋ በመስኮት ታያለች። አንድ ወፍራም ሾፌር ሙዝ ይልጣል። አንድ አዛውንት ከሬድዮው ጋር ይጨቃጨቃል። ሁሉም በየመስኮቱ ተቀምጦ የራሱን ዙሪያ ይመለከታል፤ ለማናቸውም እሱ መንገድ ዳር እንዳለ ምሰሶ ነው። ልጁ በላስቲክ ልታሳየው ደክማ ያልገባው ነገር ይሄ መሆኑን አሁን ጠረጠረ፤ ደግሞም እንደፈራው አልከበደውም።

አለቃው ግን አልተሳሳተም ነበር። ፊት ሲያይ አዘነ። ለሕፃኑ ሲል ያንን አሳለፈ፣ ለአዛውንቱ ሲል ይሄንን አሳለፈ፣ ሙዝ የሚልጠውም አሳዘነው፤ በአንድ አፍታ አደባባዩ ቅድም ከነበረው ብሶ ተቆላለፈ። መብራቱ ድንገት ባይመለስና ሁለት ወጣት ትራፊኮች እየሮጡ ባይደርሱ ስሙ እዚያው ይቀበር ነበር። እምብርቱ የሚስቱን እቃ ትከሻው ላይ አድርጎ ላጥ አለ።

ዩኒፎርሙን አስረክበው በአውቶቡስ ተመለሱ። «መስኮቱ ጋ አንተ ሁን» አለችው። አውቶቡሱ አደባባዩን ሲዞር ያቺን መቆሚያ ከውጭ አያት። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ታክላለች። ዳቦውን እዚያው ረስቶታል፤ ሁለት ወፎች ከበውታል።

ረዳቱ ትኬት ሊቆርጥ መጣ። እሷን ሲያይ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘው መጡ?»

«ባሌ ነው።»

ረዳቱ ከልማድ የተነሣ በመስኮቱ ወደ መቆሚያዋ አየ፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረ። «እዚያ ላይ ይቆሙ የነበሩት?»

«እሱው ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት!» እጁን ጨበጠው። «እኔ እኮ ዘመዴን ያህል ነው የማውቅዎት። እዚህ በደረስን ቁጥር ‹ያ ባሌ ነው› ይሉን ነበር፤ ከጎናቸው አዲስ ሰው ከተቀመጠማ መውረጃውን እስኪረሳ ድረስ ነበር የሚያሳዩት። ከእኔ በፊት የነበረው ረዳት ሥራውን ሲያሳየኝ ‹ፌርማታዎቹ እነዚህ ናቸው፣ አደባባዩ ላይ ደግሞ እትዬ ባላቸውን ያሳዩሃል› ብሎ ነው ያስረከበኝ።»

እምብርቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ረዳቱ ወደ ሌላው ተሳፋሪ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ከዚህ ሲታይ ምን እመስል ነበር?»

«ትንሽ» አለች። «አውራ ጣቴን ነው የምታክለው። ሲዘንብ ደግሞ ከዚያም ታንሳለህ። አንዴ ነፋስ ኮፍያህን ወስዶብህ ስታባርር አይቼ በሳቅ ልሞት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አሞህ ነበር፤ ከአቋቋምህ አወቅኩ። ሾርባ ሠርቼ ጠበቅኩህ።»

ሾርባውን አስታወሰ። እንዴት አወቅሽ ብሎ ጠይቋት፣ «እንዲሁ» ብላው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ተራ ሰጠኸኝ? ስትገባ ወሬው ያንተ ነው። ማንን አስቆምክ፣ ማን ጣሰ፣ ማን ሰደበህ። መስማቱንም እወደው ነበር፣ አልዋሽህም። የኔ ቀን ግን እንዲሁ አለፈ።» ባዶ አንሶላዋን ጉልበቷ ላይ አጠፈች። «ኮሪደሩ ይበርዳል» አለች ቀጥላ። «ወንበርህን ወደ ውስጥ አምጣው።»

«የት ላድርገው?»

«ደስ ያለህ ቦታ። ብርሃን አትጋርደኝ እንጂ። ክምር ከነካህ ደግሞ እኔ አላውቅልህም።»

«አልነካም» አለ። ቀጥሎም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እስቲ ዛሬ ቀንሽ እንዴት ነበር?» አላት።

እያሾፈ መስሏት በዓይኗ ጥግ አየችው። እያሾፈ አልነበረም። «እንግዲህ ጠዋት፣ ሰማያዊው ክር አለቀብኝ» ብላ ጀመረች። ለጎረቤት አበድራው የነበረውን ክር ልትጠይቅ መሄዷን፣ ጎረቤቷ በር ላይ የነገረቻትን፣ ያ ቀጭኑ ልጅ ከበጋው ወዲህ እንደገና መርዘሙን ነገረችው። እሱ አንዴም አላቋረጣት፤ ሁለት ጊዜ ግን ምላሱን መንከስ ነበረበት። መውረጃቸው ሲደርስ ታሪኩ ገና ግማሽ አልደረሰም። እንደ ልማዷ ቀድማ ተነሥታ፣ ወሬዋን ሳታቆም፣ ባዶ አንሶላዋን ይዛ ወረደች።

እሱ ደረጃው ላይ ሲደርስ በሩ ጋ ወደ ተቀመጠ የማያውቀው ሰው ጎንበስ አለ።

«ያቺ የወረደችው» አለው፣ «ሚስቴ ናት።»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ «እግዜር ያቆይልህ» አለ። እምብርቱ «አሜን» ብሎ ወረደና፣ ዞር ሳትል ስለ ክሩ እያወራች የምትሄደው ሚስቱ ላይ ደረሰ።